ግዙፉ በግ ወይስ የጉድጓዱ ከተማ? የአውስትራሊያን ገጠር በመኪና ለማየት የትኛው መንገድ ለማን ይሆናል

ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ሰፈር የምንኖር ሐበሾች ዘመድ ሲመጣልን ነገሩ ሁሌም አንድ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት በምሳ ግብዣ ያልቃል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ እንግዳው ቡናውን ፉት ብሎ ስኒውን ያስቀምጥና "እሺ፣ ካንጋሮው የታለ?" ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው መኪና መከራየት ነው።

በዚህ ጥያቄ የተነሳ አምስት መንገድ ነድቻለሁ። አንዳንዱን አክስቴን ይዤ፣ አንዳንዱን ከባለቤቴ ወንድም ጋር፣ አንዱን ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር። ከአምስቱ አንዱን ነገ ሂድ ብትሉኝ እነሳለሁ። አንዱን ግን ድገመው የሚለኝ ሰው ሹፌር ይቅጠርልኝ። ዓመታቱንና ወራቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መንገድ ከመምረጣችሁ በፊት ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጠውን ሰው እወቁ። በየሰዓቱ ሽንት ቤት የሚል አለ? የሚጾም አለ? ሦስት ሰዓት ያለ ወሬ መቀመጥ የማይሆንለት አለ? እዚህ አገር ገጠሩ ባዶ ነው። ባዶነቱን የሚወድ ሰው ይወደዋል፤ የማይወድ ደግሞ በሁለተኛው ቀን "እንመለስ" ይላል።

ከተማ ስላችሁም ደብረ ብርሃንን እንዳታስቡ። አንድ ሰፊ መንገድ፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ አንድ ዳቦ ቤት፣ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ሟቾች የቆመ ሐውልት፣ ንጹሕ የሕዝብ ሽንት ቤት። አለቀ። ድሮ ዋናው መንገድ በመሀላቸው ያልፍ ስለነበር ሹፌር ሁሉ ቆሞ ይበላ ነበር። ኋላ በጎን ማለፊያ መንገድ እየተሠራ ብዙዎቹ ገበያቸውን አጡ። እነሱም መላ ዘየዱ። ሹፌር ከሩቅ አይቶ "ይሄ ደግሞ ምንድነው?" ብሎ ፍሬን የሚይዝበት ነገር ማቆም ነው ዘዴው። ኮፍስ ሃርበር የምትባል ከተማ በ1964 መንገድ ዳር ግዙፍ ሙዝ አቆመች። ከዚያ ወዲህ በጉ፣ ኮዋላው፣ ሎብስተር የሚባለው ቅርፊታም የባሕር እንስሳ ተከተለ። ዛሬ በመላ አገሪቱ ከ150 በላይ ናቸው። ሙዙን ለማየት ትወርዳላችሁ፤ ፓይ ገዝታችሁ ትመለሳላችሁ። ዕቅዱ ይኸው ነው።

ሂዩም ሀይዌይ፤ አክስት ላለው ሰው

ከሲድኒ ሜልበርን 880 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሄጃና መመለሻው የተለየ ሰፊ አስፋልት ነው፤ ሽንት ቤቱ ብዙ፣ ስልኩ ይሠራል፣ ነዳጅ አያሰጋም። በአንድ ቀን መጨረስ ይቻላል። ግን በአንድ ቀን ከጨረሳችሁት አስፋልት ብቻ ነው ያያችሁት። ሁለት ቀን ስጡት።

መጀመሪያ ጎልበርን ነው። እዚያ 15 ሜትር ቁመት ያለው የሲሚንቶ በግ አለ። የተሠራው በ1985 ነው። በ1992 ማለፊያ መንገዱ ሲከፈት ሹፌሩ ሁሉ በሌላ በኩል ያልፍ ጀመር፣ በጉም ብቻውን ቀረ። ታዲያ ምን አደረጉ? በ2007 በጉን አንስተው ወደ አዲሱ መንገድ መውጫ አጠጉት። ገበያ ወደ በጉ ካልመጣ በጉ ወደ ገበያ ይሄዳል። ውስጡ ደረጃ አለው፤ ወጥታችሁ በዓይኑ ወደ ውጭ ታያላችሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። በጉ ወንድ ነው። ሠሪዎቹም ይህ እንዳይጠረጠር ከኋላ በኩል ምንም አልቆጠቡም። አክስቴ ዞር ብለው አንዴ አይተው ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት። ፎቶ የተነሱት ግን እዚያው በኩል ቆመው ነው።

ከጎልበርን ቀጥሎ ገንደጋይ አጠገብ የስንቅ ሣጥን ላይ የተቀመጠ የውሻ ሐውልት አለ። በ1932 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆሴፍ ላየንስ ራሳቸው መጥተው ነው የመረቁት። ታማኙ ውሻ የጌታውን ስንቅ እየጠበቀ ነው ይላሉ። የድሮ በሬ ነጂዎች የሚያወሩት ሌላ ነው፤ በእነሱ አባባል ውሻው ሣጥኑ ላይ ያደረገው ነገር ስንቁን ለሰው የማይሆን አድርጎታል። ሐውልቱ የጨዋውን ታሪክ መርጧል። ውሻው በጣም ትንሽ ነው። ከበጉ በኋላ የሚያየው ሰው "ይሄ ብቻ?" ማለቱ አይቀርም።

የዚህ መንገድ ምርጥ ከተማ ሆልብሩክ ናት። ከባሕር በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቃ፣ የበግ ግጦሽ መሀል ተቀምጣ፣ መናፈሻዋ ውስጥ 90 ሜትር የሚረዝም ሰርጓጅ መርከብ አላት።

"ባሕሩ የት ሄዶ ነው?" አሉ አክስቴ።

"እትዬ፣ እዚህ ባሕር ኖሮ አያውቅም።"

"ታዲያ በምን መጣ?"

"በመኪና።"

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ "ሰው ሲጠግብ" ብለው ወደ መኪናው ገቡ።

ነገሩ ግን ታሪክ አለው። ከተማዋ ድሮ ጀርመንተን ነበር ስሟ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የጀርመን ስም አስጠላ። በ1915 ኖርማን ሆልብሩክ በተባለ የእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከብ አዛዥ ስም ተቀየረች። ሰውዬው በጦርነቱ ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳሊያ ያገኘ ነው። ስሙን ከወሰዱ በኋላ መርከብ ማምጣት ቀረ፤ የአውስትራሊያ ባሕር ኃይል ኦትዌይ የምትባለውን ሰርጓጅ ሲያሰናብት የላይኛውን አካሏን አመጡ። በውኃ ውስጥ የሚሆነው ሆድ የለም። ሣሩ ላይ ስትታይ ግን ግማሹ አካሏ መሬት ውስጥ የሰመጠ ይመስላል። ሆልብሩክም ማለፊያ መንገድ የተሠራላት በ2013 ነው፤ ስለዚህ ምልክቱን አይታችሁ ካልወጣችሁ መርከቡን ታልፉታላችሁ።

ሜልበርን ከመድረሳችሁ በፊት ግሌንሮዋን አለች። ስድስት ሜትር ቁመት ያለው፣ ፊቱን በብረት የሸፈነ ሰው ጠመንጃ ይዞ መንገድ ዳር ቆሟል። ኔድ ኬሊ ነው። ይህን ሰው ለሌላ አገር እንግዳ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ለሐበሻ አንድ ቃል ይበቃል፤ ሽፍታ። ከነጓዶቹ በማረሻ ብረት የጦር ልብስ ሠርቶ በሰኔ 1880 እዚች ከተማ ከፖሊስ ጋር ተታኮሰ። ብረቱ ደረትና ራሱን ሸፈነ፤ እግሩን ግን አልሸፈነም፣ ፖሊሶቹም እግሩን መቱት። ኅዳር 11 ቀን 1880 ሜልበርን ተሰቀለ። ገና 25 ዓመቱ ነበር። ግማሹ ሕዝብ ጀግና ይለዋል፣ ግማሹ ወንበዴ። አክስቴ አላመነቱም። "በማረሻ? ጎበዝ ነው" አሉ።

ዌስተርን ሀይዌይ፤ ልጅ ላለው ሰው

ከሜልበርን አዴሌድ 730 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከሂዩም የሚለየው መንገዱ ዛሬም ብዙዎቹን ከተሞች መሀል ለመሀል ማለፉ ነው። ሳትፈልጉ ታዩአቸዋላችሁ። ከተሞቹም ቅርብ ለቅርብ ስለሆኑ ልጅ "ደረስን?" ሲል የምታሳዩት ነገር አለ።

አራራት የምትባል ከተማ አለች። አዎ፣ የኖኅ መርከብ ያረፈበት አራራት። በ1841 ሆራሺዮ ዊልስ የሚባል በግ አርቢ ከረጅም ጉዞ በኋላ እዚያ አርፎ፣ እኛም እንደ መርከቡ አረፍን ብሎ ነው ስሙን ያወጣው። ከተማዋን የፈጠሯት ግን ቻይናውያን ናቸው። ሜልበርን ያለችበት የቪክቶሪያ ግዛት መንግሥት በመርከብ የሚገባ ቻይናዊ ላይ ብቻ 10 ፓውንድ ግብር ጣለ። እነሱም ጎረቤት ግዛት ላይ ሮብ በምትባል ወደብ ወርደው በእግራቸው ወደ ወርቁ ተጓዙ። በመቶዎች ኪሎ ሜትር በእግር። በ1857 ውኃ ፍለጋ አራራት ላይ ሲያርፉ ወርቅ አገኙ። ግብር ሊያስቀራቸው ቢል ከተማ ቆረቆሩ። ሙዚየሙ ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

ከዚያ ዳድስዌልስ ብሪጅ ላይ 14 ሜትር የሚሆን ኮዋላ አለ። ኮዋላ ቆንጆ እንስሳ ነው። ይሄኛው አይደለም። የአምስት ዓመቷ የጓደኛዬ ልጅ አይታው አለቀሰች። እኔም ማታ ቢሆን ኖሮ አላውቅም።

ዲምቡላ አጠገብ ሮዝ ቀለም ያለው ሐይቅ አለ፤ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀ ቀለሙ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ቀጥሎ ኒል ናት። ይህችን ከተማ የምወዳት በሌላ ምክንያት ነው። የዳክዬ ማቀነባበሪያው ሠራተኛ ሲያጣ ከበርማ የመጡ የካረን ስደተኞች ገቡባት። እየሞተች የነበረች ከተማ ነፍስ ዘራች። የስንዴ እርሻ መሀል ካረንኛ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ድንበሩን ስትሻገሩ ቦርደርታውን ናት፤ የድንበር ከተማ ማለት ነው። ድንበሩ ግን እዚያ የለም፤ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ከኋላችሁ ቀርቷል። ከ1983 እስከ 1991 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቦብ ሆክ የተወለዱት እዚህ ነው። ነጫጭ ካንጋሮዎችም አሏት። ካንጋሮ ማየት ብቻ የሚፈልግ እንግዳ ካላችሁ እዚህ በአጥር ውስጥ አይቶ ይረካል።

ስትመለሱ በባሕሩ ዳር ኑ። ኪንግስተን ላይ ከ1979 ጀምሮ የቆመ፣ 17 ሜትር የሚሆን ሎብስተር አለ። ሠሪው ልኩን በጫማ መለኪያ (ፊት) ሰጥተውት በሜትር አንብቦት ነው እንዲህ ያበጠው ይላሉ። እውነት ይሁን ቀልድ፣ ሎብስተሩን ቀና ብሎ ያየ ሁሉ ያምናል። ሦስት ቀን ካላችሁ ይህን መንገድ ያዙ። አራት ካላችሁ በብሪም በኩል ዙሩ፤ በ2016 የአንድ እህል ጎተራ ግድግዳ ላይ አራት ገበሬዎች በግዙፉ ተሥለውበት ነበር። ሥዕሉ ሰው ስለሳበ በዙሪያው ያሉ መንደሮች ሁሉ ጎተራቸውን አሥለዋል።

ሲድኒ፣ ፓርክስ፣ ብሮክን ሂል፤ ሳቅ ለሚወድ

ከአምስቱ በጣም ያሳቀኝ ይህ ነው። 1,150 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አምስት ቀን። ከባለቤቴ ወንድም ጋር ነው የሄድኩት። መጀመሪያ ፓርክስ። ከ1961 ጀምሮ በበጎች ግጦሽ መሀል 64 ሜትር ስፋት ያለው የራዲዮ ቴሌስኮፕ፣ ከጠፈር የሚመጣ የራዲዮ ሞገድ የሚያዳምጥ መሣሪያ፣ ቆሟል። በ1969 ሰው ጨረቃ ላይ ሲረግጥ ምስሉን ለዓለም ካስተላለፉት አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው ነገር ግን ለዓመታት ምንነቱ ያልታወቀ አጭር ምልክት እየሰማ ሳይንቲስቶቹን ግራ አጋባ። በ2015 ምሥጢሩ ተፈታ። ማይክሮዌቭ ነው። እዚያው ግቢ ውስጥ ምሳውን የሚያሞቅ ሰው ቸኩሎ፣ ማሽኑ ሳይጨርስ በሩን ሲከፍት ነበር የሚሰማው። ይህን ስሰማ ማይክሮዌቭን የማያስጨርሰውን የቤታችንን ሰው ዞር ብዬ አየሁት። እሱም አየኝ።

በጥር ሁለተኛ ሳምንት ከሄዳችሁ ደግሞ ከተማው በአሜሪካዊው ዘፋኝ በኤልቪስ ፕሪስሊ ልብስ ይሞላል። የኤልቪስ በዓል ከ1993 ጀምሮ በየዓመቱ ይከበራል፤ የሚመጣው እንግዳ ከከተማው ሕዝብ ይበልጣል። ዳቦ ስትገዙ ፊታችሁ ሦስት ኤልቪስ ይሰለፋል። ግን ጥር እዚያ እሳት ነው፤ ያንን ልብስ ለብሰው በ40 ዲግሪ የሚቆሙ ሰዎችን ሳይ ለላባቸው አዘንኩ።

ከዚያ ኒንገን። ቦገን የሚል ወንዝና ወረዳ አላቸው። በአውስትራሊያ አራዳ ቋንቋ ደግሞ ቦገን ማለት ካናቴራና ነጠላ ጫማ አድርጎ ቢራውን ይዞ የሚውል፣ ሥርዓት ያልገዛው ሰው ነው። ሌላ ከተማ ቢሆን ስሙን ያስቀይር ነበር። እነሱ በ2015 የቦገን ሐውልት አቆሙ። ነጠላ ጫማው፣ ንቅሳቱ፣ የዓሣ ዘንጉ፣ የቢራ ማቀዝቀዣ ሣጥኑ አልቀረም። ያው ከተማ በሚያዝያ 1990 ጎርፍ መጥቶባት ሕዝቡ በሙሉ በሄሊኮፕተር ነው የወጣው። ለዚያም ማስታወሻ የቆመ ሄሊኮፕተር አላት። በራሷ የምትስቀው ከተማ ይህን ያየችው ናት።

ኒንገን የደረስነው በዕለተ ረቡዕ ነበር። የባለቤቴ ወንድም ይጾማል። መጠጥ ቤቱ ውስጥ ወጥ ቤቷ ራሷ ወጥታ ታዘዘችን።

"ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም" አልኳት።

ትንሽ አሰበች። "ድንች?"

"ድንች።"

የመጣው የተጠበሰ ድንች ተራራ ነበር። አስተናጋጅነቷ አልበቃ ብሏት ስታልፍ ስታገድም እያየችው ትሄዳለች። መጨረሻ ላይ የራሷን ቲማቲም ከጓሮ ቆርጣ አመጣችለት። ጠዋት ደግሞ ዳቦ ላይ ቬጂማይት ቀባችለት። ቬጂማይት ከ1923 ጀምሮ አገሩ የሚበላው፣ ጥቁር፣ ጨው የበዛበት ቅባት ነው። የሚሠራው ከቢራ ጠመቃ ከሚተርፍ እርሾ ነው። ይህን ስነግረው መንጋጋው ቆመ። "አተላ ነው እንዴ የምታበላኝ?" በሐቀኝነት ካየነው አተላ ነው። ግን የጾም ነው። በዚህ መንገድ የሚጾም ሰው ከያዛችሁ ሽሮ፣ በርበሬና ድርቆሽ ከቤት ያዙ። እኛ ከዚያ ወዲህ እቃችን ውስጥ ሁሌም የበርበሬ ዕቃ አለ።

ብሮክን ሂል ስትደርሱ ሰዓታችሁ በግማሽ ሰዓት ይሳሳታል። ከተማዋ ከሲድኒ ጋር አንድ ግዛት ናት፤ የምትከተለው ግን የጎረቤት ግዛት ሰዓት ነው። ከሲድኒ ሰላሳ ደቂቃ ወደኋላ። እኛ ደግሞ በኢትዮጵያ ሰዓት ነው የምንነጋገረው። "ስንት ሰዓት ነው?" ለሚል ጥያቄ መኪናው ውስጥ ሦስት ትክክለኛ መልስ ነበር። በ1885 የተቋቋመው ግዙፉ የማዕድን ኩባንያ ቢኤችፒ ስሙን ያገኘው ከዚህ ከተማ ነው። አጠገቧ ሲልቨርተን አለች፤ መንገዷ ላይ ባለቤት ያለው የማይመስል አህያ ይዞራል። እዚህ ድረስ የመጣ ሐበሻ አህያ ሲያይ የሚሰማውን ናፍቆት ለሌላው ማስረዳት ይከብዳል።

ከአዴሌድ ወደ ኩበር ፒዲ፤ ነገ ሂድ ብትሉኝ የምሄደው

850 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ነው። ከፖርት ኦጋስታ በኋላ ቀይ መሬት ብቻ ነው። ግሌንዳምቦ ላይ የቆመው ምልክት ነዋሪ ሲቆጥር ሰው 30፣ በግ 22,500፣ ዝንብ 2,000,000 ይላል። የሰውና የበጉን አላጣራሁም። የዝንቡን ግን አምናለሁ፤ ሁሉም እኔ ላይ ነበሩ። እዚያ ነዳጅ ሙሉ አድርጉ። ቀጣዩ ማደያ 250 ኪሎ ሜትር ሩቅ ያለው ኩበር ፒዲ ነው።

በ1915 አንድ የ14 ዓመት ልጅ ኦፓል የሚባል የከበረ ድንጋይ አገኘ። ከዚያ ሰው ሁሉ መቆፈር ጀመረ። በጋው ከ45 ዲግሪ ሲያልፍ የቆፈሩት ጉድጓድ ቀዝቃዛ መሆኑን አዩ፤ ገብተው መኖር ጀመሩ። ዛሬም ግማሽ ያህሉ ሰው ከመሬት በታች ይኖራል። ውስጡ ክረምት ከበጋ 24 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከተማው ውስጥ ኦፓል መቆፈር ክልክል ነው። ቤት ማስፋት ግን አይከለከልም። ስለዚህ ሦስት ሰው ያለበት ቤት ስንት መኝታ ክፍል እንዳለው አትጠይቁ። ጎልፍ መጫወቻም አላቸው፤ አንድ የሣር ፍሬ የለበትም። ተጫዋቹ ትንሽ የሣር ምንጣፍ ይዞ ይዞርና ኳሱን እሱ ላይ አስቀምጦ ይመታል። የከተማዋ ስም ራሱ ከአገሬው ተወላጆች ቋንቋ፣ ከኩፓ ፒቲ የመጣ ነው። የነጭ ሰው ጉድጓድ ማለት ነው ይላሉ። ከዚህ የተሻለ ስም አላውቅም።

አክስቴን እዚህ ያመጣኋቸው ለአንድ ነገር ነው። በ1993 ሰርቦች እዚያው ድንጋይ ውስጥ የፈለፈሉት የነቢዩ ኤልያስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ኦርቶዶክስ ነው። አክስቴ በሩ ላይ ቆሙ። ጫማቸውን አወለቁ። ማንም አላለም፤ ሌላው ሁሉ ከነጫማው ነው የሚገባው። ግድግዳውን በእጃቸው ዳበሱት። የላሊበላ ሰው ከላይ ወደ ታች በመሮ የጠረበውን እነዚህ በማሽን ከጎን ነው የቦረቦሩት። ግን ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፤ ቅዝቃዜውም ያው። ከደቂቃዎች በኋላ ስወጣ በሩ ላይ የአክስቴ ጫማ ብቻውን አልነበረም። ሁለት የጃፓን ጎብኚዎች የደንቡ መስሏቸው ከጎኑ አስቀምጠዋል።

ጉዳቱንም ልንገራችሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያሉትን ባለቀለም ኮረብታዎች ለማየት በጠጠር መንገድ ነዳሁ። አንዲት ጠጠር ተፈናጥራ የፊት መስታወቱን ሰነጠቀችው። ያከራየኝ ድርጅት ውሉን አውጥቶ "አስፋልት ባልሆነ መንገድ መንዳት ክልክል ነው" የሚለውን መስመር በጣቱ አሳየኝ። ፊርማዬም ከሥሩ ነበር። 600 ዶላር። ውሉን ስትፈርሙ ሁለት ነገር ፈልጉ፤ የጠጠር መንገድና የሌሊት መንዳት።

ጊዜ ካላችሁ ወደ ሰሜን ቀጥሉና አሊስ ስፕሪንግስ ግቡ። በነሐሴ አካባቢ የጀልባ ውድድር አለ። ወንዙ ደረቅ አሸዋ ነው። ጀልባዎቹ ወለል የላቸውም፤ ተወዳዳሪዎቹ ውስጣቸው ቆመው ተሸክመዋቸው ይሮጣሉ። ከ1962 ጀምሮ የሚካሄድ ነው። በ1993 ተሰረዘ። ምክንያቱም ወንዙ ውስጥ ውኃ ገባ።

ነለርቦር፤ ሹፌር ቅጠሩልኝ ያልኩት

ጓደኛችን ከፐርዝ ሥራ ቀይሮ ሜልበርን ሲመጣ ዕቃውን ለማምጣት ነው የነዳሁት። ከኖርስማን ሴዱና ብቻ 1,200 ኪሎ ሜትር ነው። ነለርቦር ማለት በላቲን ዛፍ የለም ማለት ነው፤ ስሙ አይዋሽም። ከባላዶኒያ በኋላ 146.6 ኪሎ ሜትር አንድም ኩርባ የለም። መሪውን የምትይዙት ለወጉ ነው። መንገዱ ላይ በየቦታው ነጭ ሰፋፊ መስመር ታያላችሁ፤ የበራሪ ሐኪሞች አውሮፕላን አስፋልቱ ላይ እንዲያርፍ ነው። "ከተማ" የሚባለው ነዳጅ ማደያና ጥቂት አልጋ ነው።

ቀልድ ግን አለ። በሐምሌ 1979 የአሜሪካ የጠፈር ጣቢያ ስካይላብ ፈርሶ ስብርባሪው በዚህ አካባቢ ዘነበ። የኤስፐራንስ ወረዳ ናሳን ቆሻሻ በመጣል 400 ዶላር ቀጣው። ናሳ አልከፈለም። በ2009 አንድ የአሜሪካ የራዲዮ አቅራቢ ከአድማጮቹ አዋጥቶ ከፈለ። በዚያው ዓመት ደግሞ 18 ጉድጓዱ በ1,365 ኪሎ ሜትር ላይ የተዘረጋ የጎልፍ ሜዳ ተከፈተ፤ አንዱን መትታችሁ ለቀጣዩ አንዳንዴ ከአንድ ሰዓት በላይ ትነዳላችሁ። ዩክላ ላይ ሰዓቱ ከፐርዝ በ45 ደቂቃ ይለያል። ለምን እንደሆነ የጠየቅነው ሰውዬ "አዎ" ብሎን ገባ።

ሴዱና ላይ የፍራፍሬ ፍተሻ አለ። ከምዕራብ ስትመጡ ፍራፍሬና አትክልት ይወሰዳል፤ ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ደግሞ ድንበሩ ላይ ማርም አይገባም። ጓደኛዬ ፍተሻው ሁለት መቶ ሜትር ሲቀረው አስራ አንድ መንደሪን ቆሞ በላ። "ለመንግሥት አልሰጥም" ብሎ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን መቶ ኪሎ ሜትር እንዴት እንዳሳለፍነው አልጽፍም። ይህ መንገድ ለሁለት ዓይነት ሰው ይሆናል፤ ዝምታ ለሚወድና ዕቃ ለሚያግዝ።

ለሁሉም የሚሆን ጥቂት ነገር

ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ አትንዱ፣ ማለዳም ከፀሐይ በፊት አትነሱ። ካንጋሮው የሚወጣው ያኔ ነው። ከፊታችሁ ከገባ መሪ አትጠምዝዙ፤ ፍሬን ያዙ። ብዙ ሰው የሚገለበጠው ሲሸሽ ነው። ጎዳናው በግራ መሆኑን ከአዲስ አበባ የመጣ ሹፌር ለአፍታም አይርሳ፤ በተለይ ከማደያ ሲወጣ። ሰሜን ላይ ከፊታችሁ ተሳቢ ብታገኙ ከኋላ ስንት እንደሚጎትት ቁጠሩ። 53 ሜትር የሚረዝም አለ። ለማለፍ የሚበቃ ሜዳ ሳታዩ እንዳትወጡ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ወደ በረሃው ጉዞውን ከግንቦት እስከ ነሐሴ አድርጉት፤ በታኅሣሥ ኩበር ፒዲ የሚሄድ ሰው ከጉድጓድ አይወጣም።

ሰላምታቸውንም ልመዱ። የገጠር ሹፌር ከፊታችሁ ሲመጣ ከመሪው ላይ አንድ ጣት ያነሳል። ያ ሰላምታ ነው። አክስቴ መጀመሪያ ተቆጡ። "ደህና ነህ፣ እንደምን ዋልክ፣ ልጆች ደህና ናቸው የለም? ጣት ብቻ?" በሦስተኛው ቀን ግን ፊት ወንበር ተቀምጠው እሳቸው ናቸው የሚያነሱት። ያልመለሰ ሹፌር ካለ "ይሄ ደግሞ ከሲድኒ የመጣ ነው" ይሉ ነበር።

ከኩበር ፒዲ ተመልሰን በሦስተኛው ወር የበርበሬውን ዕቃ ከመኪናው ኪስ አገኘሁት። ክዳኑ ሳይገጥም ቀርቶ ኖሯል፤ ላዩ በበረሃው አቧራ ተሸፍኗል። ባለቤቴ አንስታ አየችው፣ አሸተተችው፣ በጣቷ ቀመሰችው። አቧራው የቱ፣ በርበሬው የቱ እንደሆነ ማናችንም መለየት አልቻልንም።